ክረምትና ገና በእንግሊዝ ገጠር፦ ለአዲስ ገቢ ወገኖች

ስለ እንግሊዝ ክረምት በአማርኛ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የለንደን ሰው ምክር ነው። ለንደን ላይ ቤቱ በመስመር ጋዝ ይሞቃል፣ አውቶቡስ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል። በአረጋውያን እንክብካቤ፣ በነርስነት ወይም በእርሻ ሥራ ወደ ሄርፎርድሺር፣ ሽሮፕሺር ወይም ሱመርሴት የመጣ ሰው የሚገጥመው ግን ሌላ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ጓሮ ውስጥ የተጠራቀመ ነጭ ጋዝ ነው፤ አውቶቡስ በቀን ሁለቴ ካለፈ ጥሩ ነው፤ መንገዱ መብራት የለውም፤ ጎረቤት ደግሞ በጣም ያስፈልጋል። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ የገጠር ክረምት ዝግጅቱ በኖቬምበር ማለቅ አለበት። ዲሴምበር ከገባ ነጭ ጋዝ አቅራቢውም፣ ጭስ ማውጫ ጠራጊውም፣ የቦይለር (ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀው መሣሪያ) ባለሙያውም ወረፋ ነው፤ የበዓል ፈቃዱንም ሌላው ሠራተኛ ወስዶታል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤት ስትከራዩ ከዋጋው ቀጥሎ የምትጠይቁት ቤቱ በምን እንደሚሞቅ ነው። ከዋናው ከተማ ወጣ ያሉ መንደሮች ብዙዎቹ የጋዝ መስመር አይደርሳቸውም። ከጓሮ ሮቶ የሚመስል አረንጓዴ የፕላስቲክ ታንከር ካያችሁ ቦይለሩ የሚሠራው በነጭ ጋዝ ነው ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የተተከሉ ከባድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ካሉ ደግሞ ሌሊት በርካሽ ታሪፍ ሙቀት አጠራቅመው ቀን የሚለቁ ናቸው። እነዚህ የሚያዋጡት ቆጣሪው ኢኮኖሚ ሰቨን በሚባለው ዓይነት የሌሊት ታሪፍ ላይ ከሆነ ብቻ ስለሆነ፣ ቁልፍ ከመረከባችሁ በፊት ታሪፉን በጽሑፍ አረጋግጡ።

ነጭ ጋዝ አቅራቢዎች ብዙውን ጊዜ ከ500 ሊትር በታች አያመጡም፤ ክፍያውም በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከበጋው ጀምሮ በየወሩ ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ይላል። ብዙ መንደሮች ውስጥ ነዋሪዎች ተሰባስበው በአንድ ላይ ያዝዛሉ፤ መኪናው ለአንድ ጉዞ ብዙ ቤት ስለሚያዳርስ ዋጋው ይቀንሳል። አስተባባሪው ማን እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ፣ ወይም የመንደሩ አዳራሽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፈልጉ። ታንከሩ ጨርሶ እንዲያልቅ ፈጽሞ አትፍቀዱ። ከሥሩ የተቀመጠው ውሃና ዝቃጭ ወደ ቦይለሩ ይሳባል፣ መስመሩም አየር ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሙሉ ታንከር ቢሞላ እንኳ ባለሙያ መጥቶ አየሩን እስኪያስወጣ ድረስ ቦይለሩ አይነሳም። ይህ ደግሞ በገና ሳምንት ሲደርስ ቤተሰብ በብርድ ይቀጣል። ልኬቱ ሩብ ላይ ሲደርስ እዘዙ። የኤሌክትሪክ ልኬት ማሳያው ባትሪው ሲደክም ስለሚሳሳት፣ በወር አንድ ጊዜ ንጹሕ ዱላ ወደ ታንከሩ አስገብቶ የረጠበውን ማየት የተሻለ መተማመኛ ነው።

ጠዋት ውርጭ ጥሎ ካደረ በኋላ ቦይለሩ አልነሳ ብሎ ውስጡ የሚንቦቀቦቅ ድምፅ ካሰማ፣ ብዙ ጊዜ የቀዘቀዘው ከቦይለሩ ወደ ውጭ የሚወጣው ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። በውስጡ የሚንጠባጠበው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲዘጋው ቦይለሩ ራሱን ያጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለብ ያለ ውሃ በጆግ ይዛችሁ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች ደጋግማችሁ አፍስሱበት፣ ከዚያ ቦይለሩን እንደገና አስነሱ። ከኬትል የወጣ የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ቧንቧውን ይሰነጥቃል፤ መሬት ላይ የፈሰሰውም በደቂቃዎች ውስጥ በረዶ ሆኖ ሰው ይጥላል። ባለቤቱ ቧንቧውን በስፖንጅ ሽፋን እንዲያለብሰው በኖቬምበር ጻፉለት፤ ርካሽ ሥራ ነው።

ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ገና ቤት በገባችሁበት ቀን እወቁ። ብዙ ጊዜ ከኩሽና ማጠቢያው ሥር ነው። ይዞ እንዳይቀር አንድ ጊዜ ዘግታችሁ ክፈቱት። ቧንቧ ቀዝቅዞ ውሃ ከቆመ መጀመሪያ ይህን ዝጉ፣ ከዚያ ከውሃ መቅጃው በኩል ጀምራችሁ ወደ ኋላ በሙቅ ፎጣ በረዶውን አሟሙት። ቧንቧው የሚያፈሰው በረዶው ሲሟሟ ነው እንጂ ሲቀዘቅዝ አይደለምና ዋናውን ሳይዘጉ ማሟሟት ቤቱን ያጥለቀልቃል። ለበዓል ወደ ለንደን ወይም ወደ ሊድስ ዘመድ ጋር ስትሄዱ ማሞቂያውን አታጥፉ፤ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ተዉት። ሰው በቤት እያለ ደግሞ ቢያንስ 18 ዲግሪ ነው የሚመከረው።

የእንግሊዝ አሮጌ የድንጋይ ቤት ዋና ጠላቱ እርጥበት ነው። ግድግዳው ቀዝቃዛ ስለሆነ በቤት ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት እዚያ ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል፤ በሳምንታት ውስጥ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። የእኛ አበሳሰል ደግሞ እንፋሎት ያበዛል፤ ሽንኩርት ለረጅም ሰዓት ማቁላላት፣ ወጥ ሲንተከተክ መዋል፣ እንጀራ መጋገር። ክዳን አድርጉ፣ የኩሽናውን በር ዝጉ፣ አየር ማውጫውን አብሩ፤ ከጨረሳችሁም በኋላ ለሩብ ሰዓት ይሥራ። ልብስ ራዲያተር ላይ አታስጡ። አንድ ክፍል ለይታችሁ በሩን ዘግታችሁ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፍታችሁ ወይም የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ለኩሳችሁ እዚያ አድርቁ። የእርጥበት መለኪያ በጥቂት ፓውንድ ይገዛል፤ ከ60 በመቶ በላይ ሲያሳይ ማሽኑን አብሩ። አልጋና ቁም ሳጥን ከውጭው ግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሻጋታው ከቀጠለ ጥፋቱ የቤቱ ሊሆን ይችላልና ፎቶ አንስታችሁ ቀን ጽፋችሁ ለባለቤቱ በኢሜይል ላኩ። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ ለማስረጃ አይሆንም።

አሁን ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ነገር ላይ ደረስኩ። የቡና ከሰል በእንግሊዝ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ጣሪያው ያናፍሳል፤ እዚህ መስኮቱ ድርብ ነው፣ በሩ በላስቲክ የታሸገ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ከጠፋ በኋላ ፍሙን ወደ ቤት ማስገባትም ያው ነው፤ ፍም ጭስ ባይኖረውም ጋዙን መልቀቁን አያቆምም። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አፍሉ። ለዕጣን የሚሆነውን ትንሽ ከሰል የግድ ካላችሁ መስኮት ተከፍቶ፣ ሰው ሳይተኛ፣ ሲያልቅም ውጭ ወጥቶ ይቀመጥ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ላይ ከታየ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወዲያው ውጡ፣ ከዚያ ወደ 999 (የአደጋ ጊዜ መስመር) ደውሉ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ አከራይ ቦይለር ወይም የእንጨት ምድጃ ያለበት መኖሪያ ክፍል ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል እንዲኖረው የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ከሌለ ጠይቁ። ቡና ስትቆሉ የጭስ ደወሉ ከጮኸም መስኮት ክፈቱ እንጂ ባትሪውን አታውጡ።

ሳሎን ውስጥ የእንጨት ምድጃ ያለበት ቤት ከደረሳችሁ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ሕግ አለው። እንጨቱ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። ከሱቅ በከረጢት የሚሸጠው "ሬዲ ቱ በርን" የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ፤ በትንሽ መጠን የሚሸጥ እንጨት ይህን ምልክት እንዲይዝ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። እርጥብ እንጨት አያሞቅም፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ ቅጥራን ያስቀምጣል፤ ያ ቅጥራን አንድ ቀን ሲቀጣጠል ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል። ጭስ ማውጫው በዓመት አንድ ጊዜ ይጠረግ። ቀለም የተቀባ ጣውላ አታንድዱ። አመዱ ቀዝቃዛ መስሎ ውስጡ ለቀናት ፍም ሊይዝ ስለሚችል በብረት ባልዲ ከድናችሁ ውጭ አስቀምጡት።

ስለ ጨለማው ደግሞ፦ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ ከጠዋቱ 8 ሰዓት በኋላ ወጥታ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በጠዋት ፈረቃ ገብቶ ማታ የሚወጣ ሰው ለሳምንት ፀሐይ ላያይ ይችላል። ስሜቱ ሲጨልም፣ እንቅልፍ ሲበዛ፣ ሰው መሸሽ ሲመጣ ብዙ ወገን ናፍቆት ብቻ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ናፍቆት ቢኖርበትም የብርሃኑ ማነስ ድርሻ አለው። በምሳ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ውጭ መራመድ፣ ሰማዩ ደመና ቢሆንም፣ ቤት ውስጥ ካለው መብራት የበለጠ ብርሃን ይሰጣል። ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀ ለጂፒ (የአካባቢያችሁ ሐኪም) ይነገር። ቫይታሚን ዲ በየቀኑ 10 ማይክሮግራም እንዲወሰድ የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ይመክራል፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ በመጸውና በክረምት ነው፣ ለእኛ ጥቁር ቆዳ ላለን ግን ዓመቱን ሙሉ። እንክብሉ ርካሽ ነው፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። ከሚገባው በላይ መውሰድ ስለሚጎዳ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ።

መንገድ

በመኪና ቤት ለቤት እየዞራችሁ አረጋውያንን የምትንከባከቡ ከሆነ ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በመጀመሪያ መንጃ ፈቃድ፦ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት የሚቻለው ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዙን የጽሑፍና የመንዳት ፈተና ማለፍ ግድ ነው። የፈተና ቀጠሮ ቶሎ ስለማይገኝ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሩት።

ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ጨው የሚበትነው በዋና ዋና መንገዶች ላይ ነው። ወደ ደንበኞቻችሁ ቤት የሚያስገቡት ጠባብ መንገዶች ግን ጨው አያገኙም። እዚያ ላይ የሚያስፈራው ነጩ በረዶ ሳይሆን ብላክ አይስ የሚሉት ነው። አስፋልቱ የረጠበ ብቻ ይመስላል፤ ስትገቡበት መሪው ቀለል ይላል፣ የጎማው ድምፅም ይጠፋል። በዛፍ ጥላ ሥር፣ ድልድይ ላይ፣ ከማሳ ውሃ ወደ መንገድ በሚፈስበት ቦታ ጠብቁት። ከገባችሁበት ፍሬን አትርገጡ፤ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። በረዶ ላይ መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ከደረቅ መንገድ እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል የመንገድ ደንቡ ያስጠነቅቃል።

ጠዋት ከመነሳት በፊት 15 ደቂቃ መድቡ። መስተዋቶቹ በሙሉ መጽዳት አለባቸው፤ ፊት ለፊት ትንሽ ቀዳዳ ፍቆ መንዳት ያስቀጣል። የጣሪያው በረዶም ካልተነሳ ፍሬን ሲያዝ ወርዶ የፊት መስተዋቱን ይሸፍናል። የፈላ ውሃ መስተዋት ይሰነጥቃል። ሞተሩን አስነስታችሁ መኪናውን መንገድ ላይ ትታችሁ ወደ ቤት መግባት ጥፋት ነው፤ በዚያ መሃል ቢሰረቅም ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። ማታ መስተዋቱን በካርቶን ወይም በሽፋን ማልበስ ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል። የመስተዋት ማጠቢያው ውስጥ ውሃ ብቻ ካለ ይቀዘቅዛል፤ እስከ ዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚችለውን ሙሉበት። የጎማ ጥርስ በሕግ 1.6 ሚሊሜትር ይበቃል ቢባልም ለክረምት ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆነ ጎማ አይታመንም።

የዋይና የሴቨርን ወንዞች በየክረምቱ ሞልተው መንገድ ይቆርጣሉ። የሚፈስ ውሃ 30 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን መኪና ማንሳት ይችላል፤ ከሥሩ መንገዱ ይኑር አይኑር ደግሞ አይታይም። ዙሩ፣ ለቢሮ ደውሉ፣ ደንበኛው ይጠብቅ። መኪናው ውስጥ ጋቢ፣ ቦቲ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ፣ ብስኩትና የስልክ ቻርጀር ይኑር። ገጠር ውስጥ ኔትወርክ የማይደርስበት ሸለቆ ብዙ ስለሆነ የአካባቢውን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ አስቀምጡ። በእግር የምትሄዱ ደግሞ የእግረኛ መንገድ ከሌለ በቀኝ በኩል፣ መኪናው ፊት ለፊት እየመጣ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳችሁ ሂዱ። ጥቁር ጃኬት በጨለማ አይታይም።

ነፋስ ሲበረታ ዛፍ በሽቦ ላይ ይወድቅና መብራት ይጠፋል። 105 ነፃ መስመር ነው፤ ደውላችሁ አሳውቁ። ነጭ ጋዝ ሞልቶ እያለ እንኳ ቦይለሩ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። በኢንተርኔት የሚሠራው የቤት ስልክም አብሮ ይጠፋል። ቤት ውስጥ ጨቅላ ሕፃን፣ ሽማግሌ ወይም የሕክምና መሣሪያ ካለ የመብራት ድርጅቱ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ደንበኞች መዝገብ ላይ አስመዝግቧቸው፤ አይከፈልበትም።

ሥራና በዓል

ዲሴምበር 25 እና 26 ሁለቱም በዓላት ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ላይ ሲውሉ ምትካቸው ወደ ሥራ ቀን ይዞራል። ነገር ግን በበዓል ቀን ዕረፍት ወይም ተጨማሪ ክፍያ የማግኘት መብት በሕግ አልተደነገገም፤ ውላችሁ ላይ የተጻፈው ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ለኦርቶዶክስ ወገኖች ጥሩ ዕድል አለ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ያን ቀን እዚህ ማንም አይፈልገውም። በኦክቶበር ለኃላፊያችሁ "25 እና 26ን እኔ እገባለሁ፣ ጃንዋሪ 6 እና 7 ይለቀቁልኝ" በሉ፤ በጽሑፍም ይሁን። ልጆች ያሏቸው ባልደረቦቻችሁ ያመሰግኗችኋል፣ እናንተም ሌሊቱን ቅዳሴ ትቆማላችሁ። ዝም ብሎ መጠበቅና በዲሴምበር መጨረሻ መጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ እምቢታ ነው የሚያመጣው።

መኪና ከሌላችሁ ለ25 ፈረቃ ከመስማማታችሁ በፊት የሚወስዳችሁን ሰው አግኙ። በዚያ ቀን ባቡር የለም፤ በ24 ማታ ቀደም ብሎ ይቆማል፤ በ26ም ያለው በጣም ጥቂት ነው። የገጠር አውቶቡስ ሁለቱንም ቀን የለም ብላችሁ አስቡ። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በ25 በሕግ ዝግ ናቸው፤ እንደ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ያሉ ትንንሽ ሱቆች ብቻ ሊከፍቱ ይችላሉ። የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ትእዛዙን በዲሴምበር ሁለተኛ ሳምንት አስገቡ። ጂፒ ዝግ ሲሆን ወደ 111 (የጤና ምክር መስመር) ደውላችሁ በአቅራቢያችሁ የትኛው ፋርማሲ ተራ እንደሆነ ጠይቁ። የቆሻሻ መውሰጃው ቀንም ይቀየራል፤ ካውንስሉ የሚልከውን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ገናው

የመንደሩ ገና የሚጀምረው ከ25 በፊት ነው። ትምህርት ቤት የልደትን ታሪክ በድራማ ያሳያል። ልጃችሁ እረኛ እንዲሆን ከተመረጠ ልብስ ግዙ ማለት አይደለም፤ የቤት ካባ ወይም ረጅም ሸሚዝ፣ ራሱ ላይ ደግሞ የዕቃ መጥረጊያ ፎጣ በመቀነት አስሩለት። ነጠላ ካላችሁ ከሁሉም የበለጠ ያምርበታል። ለክፍል ጓደኞቹ በሙሉ ካርድ መስጠት የተለመደ ስለሆነ ርካሹን የካርድ ፓኬት ግዙ፤ ከውስጥ የልጁ ስምና የተቀባዩ ስም ብቻ ይበቃል። ለግራና ቀኝ ጎረቤቶቻችሁም ካርድ በበራቸው ቀዳዳ አስገቡ፤ ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ጻፉበት። አዲስ ገቢ ሰው ራሱን የሚያስተዋውቅበት ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም፤ የብዙ ጎረቤት ወዳጅነትም የተጀመረው በእንዲህ ዓይነት ካርድ ነው።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ምሽት ያዘጋጃል። ዘጠኝ ንባብና መዝሙር እየተፈራረቀ የሚሄደው ሥርዓት በ1880 ትሩሮ ላይ ተጀምሮ፣ በ1918 ወደ ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ከገባ በኋላ አገሪቱን አዳርሷል። ለመግባት አባል መሆን አያስፈልግም። የመዝሙሩ ጽሑፍ በር ላይ ይታደላል፤ ሁሉም ሲነሳ መነሳት ነው። ጫማ አይወልቅም፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ይቀመጣል፣ ኮት አይወልቅም፤ የድንጋይ ሕንጻው ይቀዘቅዛልና ወፍራም ካልሲ አድርጉ። ልጆች ካሉ ክሪስቲንግል ወደሚባለው ውሰዷቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ ብርቱካን ይሰጠዋል፤ ብርቱካኑ ዓለም ነው፣ የታሰረበት ቀይ ጥብጣብ የክርስቶስ ደም፣ መሃሉ ላይ የተተከለው ሻማ ብርሃኑ፣ ከረሜላ የተሰካባቸው አራቱ እንጨቶች ወቅቶቹ ናቸው። መብራት ጠፍቶ ሻማው ሲበራ ከፊት ያለው ልጅ ፀጉር አጠገብ እንዳይሆን የልጃችሁን እጅ ያዙ።

ጎረቤት ቢጠራችሁ ጥሪውን በደንብ ስሙት። "ለመጠጥ ከ6 እስከ 8 ኑ" ከተባለ እራት የለም ማለት ነው፤ በልታችሁ ሂዱ፣ ከ6 ሰዓት ከአሥር ግቡ፣ 8 ሲሆን ተነሱ። ምሳ ከተባለ ግን በተባለው ደቂቃ ድረሱ፤ ሥጋው ከምድጃ የሚወጣበት ሰዓት ተሰልቷል። የተቆላ ቡና በንጹሕ ከረጢት ይዛችሁ ብትሄዱ ከወይን ጠርሙስ በላይ ይወደዳል፤ ግን ብዙ ቤት መፍጫ ስለሌለ ፈጭታችሁ ስጡ። ምግብ ሲቀርብ አንዴ "አይ፣ ይበቃኛል" ካላችሁ አለቀ። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" የሚል የለም፤ ይህ ንፉግነት ሳይሆን ቃላችሁን ማክበራቸው ነው። ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ አዎን በሉ።

እዚህ ላይ ጾሙ ይመጣል። ጾመ ነቢያት ኖቬምበር 24 ገደማ ስለሚገባ የእንግሊዝ ገና መሃል ጾም ላይ ይውላል። ለጋባዣችሁ ግብዣውን ስትቀበሉ በዚያው ሰዓት "እስከ ጃንዋሪ 7 ለሃይማኖት ስል ቪጋን ነኝ" በሏቸው። ቪጋን የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል፤ ጾም ካላችሁ ግን ምንም የማትበሉ ይመስላቸዋል። ጠረጴዛ ላይ ከሩቅ የጾም የሚመስሉ ነገሮች አሉና ጠይቁ፦ የተጠበሰው ድንች ብዙ ጊዜ በዝይ ሞራ ነው፣ ጥቅል ጎመን ላይ የአሳማ ሥጋ ይጨመራል፣ የዳቦ መሙያው ቋሊማ አለበት። ሚንስ ፓይ የተባለችው ትንሽ ኬክ ውስጧ ዘቢብና ቅመም ቢሆንም ሊጡ ቅቤ፣ መሙያው የበሬ ሞራ ሊኖረው ይችላል። ክሪስማስ ፑዲንግም እንቁላልና ሞራ ይገባዋል፣ ብራንዲ ተደፍቶበትም በእሳት ይቀርባል። ሱፐርማርኬቶች የቪጋኑን ዓይነት ስለሚሸጡ አንድ ፓኬት ይዛችሁ ብትሄዱ አስተናጋጇም እናንተም ታርፋላችሁ። ከምግቡ በፊት ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ የሚስበው የወረቀት ጥቅል ይፈነዳል፤ ልጆችን አስቀድማችሁ ንገሩ። ከውስጡ የሚወጣውን የወረቀት ዘውድ አድርጉት፤ አዛውንቱም ያደርጉታል። 3 ሰዓት ላይ የንጉሡ ንግግር በቴሌቪዥን አለ፤ ልማዱ በ1932 በሬዲዮ ነው የተጀመረው፤ በብዙ ቤት ያን ጊዜ ዝም ይባላል።

ገናን በ25 የምታከብሩና ቱርክ የተባለውን ትልቅ የዶሮ ዓይነት ወፍ ራሳችሁ የምትሠሩ ደግሞ የበረዶውን ስሌት አትሳቱ። የቀዘቀዘ ቱርክ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለመሟሟት በኪሎ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። 5 ኪሎ ከሆነ በ22 ማታ ከፍሪዘር ወደ ታችኛው ማቀዝቀዣ ካልወረደ በ25 ጠዋት መሃሉ ድንጋይ ነው፤ እንደዚያ የተጠበሰ ደግሞ ውጩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። በ180 ዲግሪ 5 ኪሎው ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ ይወስዳል፤ በጣም ወፍራሙ ቦታ 70 ዲግሪ ደርሶ ለሁለት ደቂቃ ይቆይ። ጥሬ ሥጋውን በሚፈስ ውሃ አትጠቡ፤ የሚረጨው ውሃ ተሕዋስያኑን ወደ ሰላጣውና ወደ ሳህኑ ያደርሳል። ለዶሮ ወጥም ይኸው ነው፤ በሎሚና በጨው ማጠቡን መተው ካልቻላችሁ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀስ ብላችሁ አድርጉት፣ ከዚያ ሳህኑንም ማጠቢያውንም በሙቅ ውሃና በሳሙና ፍቁት።

የእኛ ገና

ለጃንዋሪ 7 የሚሆነውን ዶሮና በግ ከዲሴምበር 24 በፊት የመንደሩ ሥጋ ቤት ዘንድ እዘዙ፤ ከአዲስ ዓመት በኋላ ለቀናት የሚዘጉ አሉ። ተራው የሱፐርማርኬት ዶሮ በእኛ ወጥ ውስጥ ይፈራርሳል። "ቦይሊንግ ፋውል" ብላችሁ ጠይቁ፤ እንቁላል መጣል ያቆመች ጠንካራ ዶሮ ናት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ እሳቱን ትችላለች። በዚህ ወር የሚገኘው በግ ዓመት የተጠጋ ስለሆነ ሥጋው ጣዕም አለው፤ አጥንቱ ሳይወጣ በቁራጭ እንዲመታላችሁ ንገሩት።

ሊጥ በእንግሊዝ ኩሽና በክረምት አይቦካም፤ ክፍሉ 15 ዲግሪ ከሆነ እርሾው ይተኛል፤ ከላዩ ጥርት ያለ ውሃ ይቆማል፣ አረፋ የለውም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። በብዙ አሮጌ ቤት የሙቅ ውሃ በርሜሉ ያለበት ትንሽ ቁም ሳጥን አለ፤ አንሶላና ፎጣ የሚቀመጥበት። ሊጡን በክዳን እዚያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፣ ከሥሩ ትሪ ይኑር፤ ሲነሳ ይፈሳልና። በጃንዋሪ 3 ከተቦካ በ6 ጠዋት አብሲት ይጣልለታል። ቁም ሳጥኑ ከሌለ መብራቷ ብቻ የበራ ኦቨን ይበቃል፤ ሰው ሳያይ እንዳይለኩሳት በሯ ላይ ወረቀት ለጥፉ።

ጃንዋሪ 7 የትምህርት ቀን ላይ ከዋለ ልጁን አሞታል ብላችሁ አትቅሩ። በእንግሊዝ ሕግ የወላጆቹ ሃይማኖት ለበዓል በለየው ቀን መቅረት የተፈቀደ ነው። ከገና ዕረፍት በፊት ለትምህርት ቤቱ ቀኑንና የቤተ ክርስቲያናችሁን ስም ጠቅሳችሁ አጭር ደብዳቤ ስጡ።

ጎረቤት "ገናችሁ ለምን ዘገየ?" ሲል በሄርፎርድሺርና በሱመርሴት መልሱ ከደጃቸው አለ። እንግሊዝ በ1752 የቀን አቆጣጠሯን ስትቀይር 11 ቀን ዘለለች። ብዙ የፖም አርሶ አደሮች ግን የገናን ሰሞን ማብቂያ እንደ እኛ ገና በአሮጌው አቆጣጠር ቆጥረው እስካሁን ድረስ ጃንዋሪ 17 ማታ ወደ ፖም ማሳቸው ይወጣሉ፤ ለዛፎቹ ይዘምራሉ፣ የብረት ድስት እየደበደቡ ክፉ መንፈስ ያባርራሉ፣ በፖም ጠጅ የተነከረ ዳቦ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላሉ። ዋሴይል ይሉታል፤ እንግዳ ይቀበላሉ፣ መግቢያውም ብዙ ጊዜ በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ ነው። ማሳው ጭቃ ነውና በቦቲ ጫማ ሂዱ፤ ለልጆቹ የግንባር ባትሪ ያዙላቸው፣ የሚመታም አንድ አሮጌ ድስት።